አይሻ አልፈላቲያ፦ ከሐጅ መንገድ የመጣች ድምፅ

የኦምዱርማን ሬዲዮ ሥራ የጀመረው በ1940 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሴት በዚያ ማይክሮፎን ፊት ቆማ ለመዝፈን ግን ሁለት ዓመት ጠበቀች። በ1942 የቆመችው ሴት አይሻ ሙሳ አሕመድ ትባላለች፤ ሕዝቡ የሚያውቃት አይሻ አልፈላቲያ በሚለው ስሟ ነው። በ1905 ተወልዳ በ1974 ያረፈች፣ ከመቶ በላይ ዘፈኖች የተወች ሴት ናት። የሱዳንን ዘፈን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ስሟን አይዘሉትም። የሚያነሷት ግን እንደ አንድ ቀን ክስተት ነው፦ ሬዲዮ ተከፈተ፣ ጦርነት ነበር፣ እንግሊዞች ፈቀዱ፣ እሷም ዘፈነች። ይህ አተራረክ ሴትዮዋን ከመጣችበት ይነጥላታል። አይሻን ሬዲዮው አልወለዳትም፤ ጦርነቱም አልወለዳትም። እሷን ያበቁት በዘመኑ የሱዳን ኅብረተሰብ ዝቅ አድርጎ ያያቸው የነበሩ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ከምዕራብ አፍሪካ በሐጅ መንገድ መጥተው የቀሩት ሰዎች ሰፈር፣ ሌላው የሴቶች የሠርግ ዘፈን። ሁለቱም ደግሞ ከገዳሪፍ እስከ ገላባት ባለው አገር የሚኖር ሰው በየቀኑ የሚያያቸው ነገሮች ስለሆኑ፣ ታሪኳን ከኦምዱርማን ይልቅ ከዚህ ከምሥራቁ ጫፍ ሆኖ ማንበብ ብዙ ነገር ያሳያል።

ሱዳን ውስጥ ከምዕራብ አፍሪካ የመጡትን ፉላኒዎች፣ ሃውሳዎችና ሌሎችንም ሕዝቡ በጅምላ ፈላታ ይላቸዋል። በገዳሪፍና በገላባት መካከል ባለችው ዶካ ለሚኖር አማርኛ ተናጋሪ እነዚህ ሰዎች በወሬ የሚያውቃቸው ሩቅ ሕዝብ አይደሉም፤ ገበያ አብረውት የሚውሉ፣ በአጨዳ ጊዜ ጎን ለጎን የሚያጭዱ ጎረቤቶቹ ናቸው። ከሶኮቶ ወይም ከካኖ መካ ለመድረስ የተነሣ ሐጃጅ ቻድን፣ ዳርፉርንና ኮርዶፋንን አቋርጦ፣ የአባይን ወንዞች ተሻግሮ፣ በገዳሪፍና በከሰላ አድርጎ ወደ ቀይ ባሕር ይወርድ ነበር። ጉዞው ዓመታት ይፈጅ ነበር። ስንቅ ሲያልቅ ሰውየው ለሰው ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ቁርዓን ያስተምራል፤ በመንገድ ያገባል፣ በመንገድ ይወልድ ነበር። ብዙዎቹ ለአንድ ክረምት ያረፉበት ቦታ አገራቸው ሆነ። በመተማና በገላባት የነበሩት ተክሩሪዎች የዚሁ ጉዞ ልጆች ነበሩ። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1862 ገላባት ሲደርስ ያገኛቸው የራሳቸው ሼክ ያላቸው፣ የጥጥና የቡና ገበያ የሚያስተናግዱ፣ ለግብፅም ለሐበሻም ግብር የሚከፍሉ ሰዎች ሆነው ነው። በ1903 እንግሊዞች የሶኮቶን መንግሥት ሲያፈርሱ ደግሞ ሌላ ትልቅ የሕዝብ ጎርፍ ወደ ምሥራቅ ተነሣ፤ የተገደለው ሱልጣን ልጅ ማይ ወርኖ ተከታዮቹን ይዞ በሰናር አጠገብ በጥቁር አባይ ዳር ሰፈረ። ከዚያ በኋላ የገዚራ የጥጥ እርሻ ሲከፈት፣ የባቡር ሐዲዱም በ1920ዎቹ መጨረሻ በከሰላና በገዳሪፍ አልፎ ሰናር ሲደርስ፣ የፈላታ ጉልበት ያልገባበት ሥራ አልነበረም ማለት ይቻላል። አገሩ ጉልበታቸውን ፈለገ፤ እነሱን ግን እንግዳ አድርጎ አቆያቸው።

የአይሻ ቤተሰብ ከእነዚህ አንዱ ነበር። ያደገችው ኦምዱርማን፣ አባሲያ በሚባለው ሰፈር ነው። አባቷ ፈኪ ነበሩ፤ ቁርዓን የሚያስቀሩ፣ በሰፈሩ የተከበሩ ሰው። እዚህ ላይ ለሙግቴ የማይመች የሚመስል ነገር ስላለ ሳልሸሽ ልግባበት። «የተናቀ ሰፈር ወለዳት ስትል፣ አባቷ የሃይማኖት መምህር ከሆኑ ንቀቱ የታለ?» የሚል ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። መልሱ ክብር ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው። ፈኪው በራሳቸው ሰዎች ዘንድ የተከበሩ ነበሩ፤ ከሰፈሩ ውጭ ግን ሚዛኑ የአረብ የዘር ሐረግ ነበርና፣ ከናይል ዳር ትልልቅ ቤቶች ጋር በጋብቻ የሚተካከል ስም አልነበራቸውም። ይህ ለሴት ልጅ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። የናይል ዳር ነጋዴ ወይም የጎሣ አለቃ ልጅ በአደባባይ ብትዘፍን የምታዋርደው የዘር ሐረጉን በሙሉ ነው፤ ወንድሞቿ፣ አጎቶቿ፣ የአጎቶቿ ልጆች ሁሉ ይነሱባታል። አይሻን የሚከለክላት በቤቷ ያለው የአባቷ ሃይማኖተኝነት ነበር። አንድ አባት ደግሞ በጊዜ ብዛት ሊለዝብ ይችላል፤ አንድ ነገድ ግን አይለዝብም። የሱዳን የመጀመሪያዋ የሬዲዮ ዘፋኝ ከትልቅ ቤት ሳይሆን ከፈኪ ቤት የወጣችበት ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ነገር ሙያው ነው። በሱዳን ሠርግ ላይ ዘፈኑን የሚይዙት ሴቶች ናቸው፤ መሣሪያቸውም ደሉካ ነው። ደሉካ እንደ እንስራ ከሸክላ የሚሠራ፣ አንድ አፉ በፍየል ቆዳ የተወጠረ ከበሮ ነው። የምትመታው ሴት ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ጭኗ ላይ ታስተኛዋለች። ከመጀመሯ በፊት ቆዳውን ወደ ፍም አስጠግታ ታሞቀዋለች፤ ሲከርር ድምፁ ይጠራል፣ ሌሊቱ ሲበርድ ይላላና እንደገና ይሞቃል። አጠገቧ ሸተም የሚባለውን ትንሽ ከበሮ የያዘች ሌላ ሴት አለች፤ የቀሩት በጭብጨባና በቅብብል ይከተላሉ። መሪዋ የሙሽራዋን ዘመዶች ስም ታውቃለች፣ ማን እንደሚወደስና ማን እንደሚነካ ታውቃለች፣ ሰዉ ሲደክም ምቱን ትለውጣለች። ይህ ሁሉ ትምህርት ቤት የሌለው ትምህርት ነው። ኅብረተሰቡ ግን ሙያውን ከባርነት ጋር አያይዞ ይመለከተው ነበር። የእንግሊዝ አስተዳደር ከመጣ በኋላ ቀስ በቀስ ነፃ የወጡ ሴቶች መሬትም ዘመድም ስላልነበራቸው በከተሞች ዳር መሪሳ የተባለውን መጠጥ እየጠመቁ፣ በየሠርጉ እየዘፈኑ ይኖሩ ነበር። በ1930ዎቹ ኡም በሻይርና ኡም ጀባይር የሚባሉ የኮስቲ እህትማማቾች ቱምቱም የተባለውን ምት ይዘው አገሩን ሲያስጨፍሩ፣ ከዚሁ ከተናቀው ወገን የወጡ ነበሩ። ወንዶቹ ዘፋኞች ራሳቸው ምቱን ወስደው በዜማቸው ውስጥ አስገቡት። ስለዚህ አይሻ ስትነሣ ባዶ ሜዳ ላይ አልተነሣችም፤ ከእሷ በፊት የዘፈኑ፣ ስማቸው በከፊል ብቻ የተረፈ ብዙ ሴቶች ነበሩ። ከእነሱ የምትለየው የሠርጉን ችሎታ ይዛ ከሠርጉ ግቢ በመውጣቷ ነው።

ከግቢው የወጣችውም በሬዲዮ አይደለም። በ1936 ካይሮ ሄዳ ሸክላ አስቀረፀች። በዚያን ጊዜ የሱዳን ዘፈን ሸክላ የሚታተመው ግብፅ ነበር፤ ወንዶቹ ዘፋኞች፣ እነ መሐመድ አሕመድ ሱሩርና እነ አብደልከሪም ከሩማ፣ በዚሁ መንገድ ነው ድምፃቸውን በየቡና ቤቱ ያስገቡት። ነጋዴ ሸክላ የሚያሳትመው ለበጎ አድራጎት አይደለም፤ ይሸጣል ብሎ ያመነበትን ያሳትማል። አንድ የሸክላ ነጋዴ በ1936 የአይሻን ሸክላ ለማሳተም ከደፈረ፣ ከዚያ በፊት በኦምዱርማን ድምፅዋን የሚፈልግ ሰው ነበረ ማለት ነው። ይህ ለጦርነቱ ሙግት ዋናው መልስ ነው። «እንግሊዞች ለፕሮፓጋንዳ ስለፈለጓት ነው እንጂ ማን ያውቃት ነበር» የሚለው አባባል ዓመታቱን ሲያዩት አይቆምም፤ ሸክላው ከሬዲዮው አራት ዓመት፣ እሷ ማይክሮፎን ፊት ከቆመችበት ቀን ስድስት ዓመት ይቀድማል።

ይህን ስል የጦርነቱን ድርሻ ልክድ አልፈልግም፤ የምሥራቅ ሱዳን ሰው ሊክደውም አይችልም። ጣሊያን በሐምሌ 1940 መጀመሪያ ከሰላንና ገላባትን ያዘ። በኅዳር ደግሞ፣ በኋላ በበርማ ዘመቻ ዝነኛ የሆነው እንግሊዛዊው አዛዥ ስሊም ገላባትንና መተማን ለማስለቀቅ ያደረገው ውጊያ ያሰበውን ሳያሳካ ቀረ። በጥር 1941 ጣሊያን ከከሰላም ከመተማም አፈገፈገ፤ በዚያው ወር ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተነሥተው በኡም ኢድላ በኩል ድንበር ተሻገሩ፤ በመጋቢት ከረን ወደቀች። የሱዳን መከላከያ ጦር ልጆች በእነዚህ ግንባሮች ሁሉ ነበሩ፤ ከዚያም ወደ ሰሜን አፍሪካ ሄዱ። የኦምዱርማን ሬዲዮ የተቋቋመው ለጦርነቱ ፕሮፓጋንዳ ነው። በኦምዱርማን ፖስታ ቤት ውስጥ በተሰጠው ክፍል ሆኖ በቀን ለግማሽ ሰዓት ያህል ያሰራጭ ነበር፤ ሬዲዮ በየቤቱ ስላልነበረ በአደባባዮች ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ ሕዝቡ ቆሞ ይሰማ ነበር። ዜናውን እንዲሰማ ሰዉን የሚሰበስበው ዘፈኑ ነበር። አይሻ ከሐሰን አጢያና ከአሕመድ አልሙስጠፋ ጋር ለወታደሮች እየተዘዋወረች ዘፈነች፤ ወታደሮቹ በድል እንዲመለሱ የምትመኝበት «ይጁ ዓይዲን» የተባለው ዘፈኗም ዛሬ ድረስ ይታወቃል። እንግሊዞች የፈለጉት ጦር የሚያበረታ ድምፅ ነው። ሕዝቡ የሰማው ደግሞ ልጇንና ወንድሟን የምትጠብቅ ሴት ነው። ይህን ልዩነት የፈጠረችው ዘፋኟ ናት፤ ዘማች መሸኘትና መመለሱን መመኘት የሠርግ ዘፋኞች የቆየ ሥራ ነበርና፣ ለመንግሥት ፕሮግራም አዲስ ነገር መማር አላስፈለጋትም። ሬዲዮው በሩን ከፍቷል፤ በበሩ የገባው ግን ከሬዲዮው በፊት የነበረ ነገር ነው።

ያው ጦርነት የገዳሪፍን ምድርም ለውጧል። በምሥራቅ አፍሪካ የነበረውን ሠራዊት የሚመግብ ማሽላ ስላስፈለገ፣ በ1940ዎቹ አጋማሽ ገደምባሊያ በተባለው ቦታ በትራክተር የሚታረስ ሰፊ እርሻ ተጀመረ። ዛሬ ከገዳሪፍ ወደ ዶካ ሲሄዱ ግራና ቀኝ ዓይን እስኪታክት የሚታየው የማሽላና የሰሊጥ ማሳ ጅምሩ ከዚያ ነው። ሰሊጥ ደግሞ ከአይሻ ስም ጋር በቀጥታ ይያያዛል፤ «ሲምሲም አልቀዳሪፍ»፣ የገዳሪፍ ሰሊጥ፣ ከእሷ ድምፅ ጋር አብረው ከሚነሡት ዘፈኖች አንዱ ነው። ዘፈኑ የልጃገረዶች ዘፈን ከሚባለው ወገን ነው፤ የፍቅር ነገር ነው እንጂ ስለ ግብርና አይደለም። ሆኖም አንዲት የኦምዱርማን ዘፋኝ ለፍቅር ዘፈን ምሳሌ ስትፈልግ ዓይኗን ወደ ገዳሪፍ ማሳ መወርወሯ የሚናገረው ነገር አለ። ሰሊጥ የሚያስቸግር እህል ነው። ፍሬው በደረሰ ጊዜ ቆባው ይከፈትና ነፋስ ሲነካው ምድር ላይ ይረግፋል፤ ስለዚህ ሳይከፈት ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ሂላ (የነዶ ክምር) ተሠርቶ ይቆማል፤ ሲደርቅ ነዶው ተገልብጦ ሸራ ላይ ይራገፋል። ትራክተር ያርሰዋል እንጂ አያጭደውም፤ ያ ሁሉ ማሳ ባጭር ጊዜ የሚነሣው በሰው እጅ ነው። እጁም የፈላታ፣ የመሳሊት፣ የቦርጎ፣ ከወዲህም ድንበር ተሻግሮ የሚመጣው የኢትዮጵያዊ እጅ ነው። መተማና ሁመራ ያለ ሰው ይህን ሥራ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም።

የሴቶችን ዘፈን ተራ ነገር ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ሐቂባ የሚባለው የወንዶቹ ዘፈን ትልቅ ግጥም አለው፣ የልጃገረዶች ዘፈን ግን የሠርግ ማድመቂያ ነው ይላሉ። የሐቂባን ግጥሞች ውበት አላሳንስም። ነገር ግን ሐቂባም የተወለደው ሠርግ ላይ ነው፤ በጭብጨባና በተቀባይ ድምፅ ይዘፈን የነበረ፣ በኋላ በ1950ዎቹ በዚያ ስም በተሰየመ የሬዲዮ ፕሮግራም ምክንያት እንደ ክቡር ቅርስ መታየት የጀመረ ነው። የወንዶቹ ዘፈን ክብር ያገኘው ከሠርጉ ወጥቶ በማኅደር ስለተቀመጠ ከሆነ፣ የሴቶቹን የጎዳው የጥራት ማነስ ሳይሆን ማኅደር ማጣቱ ነው። ከዚያም በላይ ሐቂባ የሚያወድሳት ሴት ብዙውን ጊዜ ከመጋረጃ ጀርባ ያለች፣ የአጋዘን ዓይንና የዘንባባ ቁመት ያላት፣ ራሷ የማትናገር ሴት ናት። በልጃገረዶች ዘፈን ውስጥ ሴቲቱ ራሷ ትናገራለች። የምትወደውን ትጠራለች፣ ሥራውን ትናገራለች፣ ከተማውን፣ የሚሳፈርበትን መኪና፣ የሚነግደውን ዕቃ ትጠቅሳለች። ለታሪክ ጸሐፊ ይህ ዋጋው ትልቅ ነው። በ1940ዎቹ አንዲት ወጣት ሴት ምን ትመኝ እንደነበረ ማወቅ የሚፈልግ ሰው በአስተዳዳሪዎቹ ሪፖርት ውስጥ አያገኘውም፤ በእነዚህ ዘፈኖች ውስጥ ያገኘዋል።

አይሻ ሬዲዮ ገብታ ስትዘፍን ወንዶቹ ዘፋኞች ተቃወሙ። ይህን ተቃውሞ እንደ ሃይማኖት ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየት ይቀናል፤ እኔ ግን ሌላም ነገር ያለበት ይመስለኛል። በዚያን ጊዜ ወንዱም ዘፋኝ ገና ክብሩ ያልጸና ሰው ነበር። የጨዋ ልጅ ዘፋኝ ሆነ ሲባል ቤተሰቡ ያፍር ነበርና፣ ወንዶቹ ራሳቸውን «አርቲስት» ለማሰኘት ብዙ ደክመዋል። ከሠርግ ዘፋኝ ሴት ጋር በአንድ ማይክሮፎን መቆም ያንን ድካም ያፈርስብናል ብለው ሰጉ። ፍርሃታቸው ሊገባን ይችላል፤ ፍርዳቸው ግን ስሕተት ነበር። ዘፈን በሱዳን የሙያ ክብር ያገኘው ሴቶቹን በማስወጣት ሳይሆን አድማጩ እየበዛ በመሄዱ ነው፣ አድማጩን ካበዙት ደግሞ አንዷ እሷ ናት። እህቷ ጂዳዊያ ከጎኗ ሆና ዑድ ትጫወት ነበር፤ በሱዳን በአደባባይ ዑድ የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት ተብላ የምትታወቀው እሷ ናት። ዑድ እስከዚያ ድረስ የወንድ መሣሪያ ነበር። ከአንድ የፈኪ ቤት ሁለት እህትማማቾች፣ አንዷ በድምፅ አንዷ በክር፣ ሁለት የተዘጉ በሮችን ከፈቱ። ይህ አጋጣሚ ነው ብሎ ለማለፍ ይከብዳል።

ይህ ነገር የሱዳን ብቻ አለመሆኑ ሙግቱን ያጠናክረዋል። በህንድ በ1913 የተሠራው የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ላይ የንግሥቲቱን ቦታ የተጫወተው ወንድ ነው፤ ዳይሬክተሩ ፋልኬ ሴት ተዋናይ ቢፈልግ የጨዋ ልጆች ቀርተው በዘፈንና በጭፈራ የሚኖሩት ሴቶች እንኳ እምቢ ብለውት ነበር። በኋላ ግን ለህንድ ሸክላና ፊልም ድምፅ የሰጡት እነዚያው የተናቁ ዘፋኝ ሴቶች ናቸው። ጎሐር ጃን በ1902 በካልካታ ድምፅዋን ስታስቀርፅ በዘፈኑ መጨረሻ የራሷን ስም ጮክ ብላ ትናገር ነበር፤ ሸክላው ጀርመን ሄዶ ሲታተም የማን እንደሆነ እንዲታወቅ ነው። በ1930ዎቹ በፊልም የተወነችው፣ የዘፈነችውና ዜማ የደረሰችው ጃዳን ባይም ከዚያው ወገን ናት፤ የእሷ ልጅ ናርጊስ በ«ማዘር ኢንዲያ» የብዙ አገር ተመልካች አስለቅሳለች። በእኛም አገር አዝማሪ መባል ለረጅም ጊዜ ስድብ ነበር። በቀደሙት የቴአትር ዓመታት የሴትን ገጸ ባሕርይ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ይጫወቱ ነበር። አስናቀች ወርቁ በክራሯም በመድረክ ተዋናይነቷም ስትነሣ የገጠማት ኅብረተሰብ ችሎታዋን እየወደደ ሙያዋን የሚያሽሟጥጥ ነበር፤ በ2011 ስታርፍ ግን የአገር ቅርስ ተብላ ነው የተሸኘችው። በሦስቱም አገር መንገዱ አንድ ነው። አዲስ መሣሪያ፣ ሸክላም ይሁን ፊልም ወይም ሬዲዮ፣ የሴት ድምፅ ሲፈልግ የተከበሩት ቤቶች ልጆቻቸውን ይደብቃሉ፤ የሚመጡት ከወትሮውም በአደባባይ የሚዘፍኑት ናቸው። ትውልድ ሲያልፍ ደግሞ የተከበሩት ቤቶች ልጆች በተከፈተው በር ይገባሉ፤ የከፈቱት ሴቶች ስምም እየደበዘዘ ይሄዳል።

ታዲያ ንቀት ለጥበብ ይጠቅማል ልል ነውን? አይደለም። በሩ ለአይሻ ክፍት የነበረው ማንም ክብሯን ለመጠበቅ ስላልተጨነቀ ነው፤ ይህ ነፃነት አይባልም። በር የከፈተ ሰው መብት አግኝቷል ማለትም አይደለም። ሱዳን በ1956 ነፃ ከወጣች በኋላ የወጣው የ1957 የዜግነት ሕግ በትውልድ ሱዳናዊ ለመባል ቅድመ አያቶች ከ1898 በፊት በአገሩ ሰፍረው መገኘትን ይጠይቅ ነበር። ማይ ወርኖ የመጣው፣ ብዙው ፈላታ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለገዚራ ጥጥ፣ ለገዳሪፍ ማሽላ የተጠሩ ሰዎች ልጆች ወረቀት ለማግኘት ለአሥርተ ዓመታት ተንከራተዋል። እንግዲህ ይህን አስቡት፤ የአገሩ ሬዲዮ የመጀመሪያዋን ሴት ድምፅ በአደባባዩ ሁሉ ሲያሰማ፣ የአገሩ ሕግ ደግሞ እሷ ስሙን የተሸከመችለትን ሕዝብ ባዕድ ይለው ነበር። ዘፋኟን ተቀብሎ ሕዝቧን አለመቀበል ይቻላል፤ ሱዳን ለረጅም ጊዜ ያደረገችው ይህንኑ ነው። በዘፈኑም ዘንድ መንገዱ ቀጥ ብሎ አልሄደም። በ1971 በለቢል የተባሉት ሦስት የኑቢያ እህትማማቾች ሲነሡ የሴት ድምፅ ቦታውን ያገኘ መስሎ ነበር፤ ከ1989 በኋላ ግን የሕዝብ ሥርዓት ሕግ የሚባለው በሴቶች አለባበስ፣ በሠርግና በዘፈን ላይ ወረደ፤ የተሻረውም በ2019 ነው። በእነዚያ ሠላሳ ዓመታት ደሉካው ዝም አላለም። የመንግሥት ማኅደርና መድረክ ሲዘጋበት፣ ከመጀመሪያውም የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ይኖርበት ወደ ነበረው ወደ ሠርጉ ግቢ ተመለሰ።

ሚያዝያ 2023 ጦርነት ሲነሣ የኦምዱርማን የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሕንፃ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፈጥኖ ደራሽ ኃይል በሚባለው ታጣቂ ኃይል እጅ ገባ፤ የአገሩ ጦር መልሶ የያዘው በመጋቢት 2024 ነው። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ከ1940 ጀምሮ የተቀዳ የአንድ አገር ድምፅ ተቀምጦ ነበር፤ የአይሻም ከዚያ ውስጥ ነው። ከጦርነቱ የሸሸ ሕዝብ በብዙ መቶ ሺህ ወደ ገዳሪፍ መጥቷል። ከመጡት መካከል አባሲያ ተወልደው የአይሻን ዘፈን ከእናቶቻቸው የተማሩ አሮጊቶች አይጠፉም። ዶካና ገዳሪፍ ያላችሁ፣ ኡም ራኩባ መጠለያ ያላችሁ፣ ስልክ በእጃችሁ የያዛችሁ አንባቢዎች፣ ሠርግ ስትጠሩ ደሉካ ከምትመታዋ ሴትዮ አጠገብ ተቀመጡ። ፈቃዷን ጠይቁና ቅዷት፤ ስሟን፣ የሰፈሯን ስም፣ ዘፈኑን ከማን እንደተማረችው ጠይቃችሁ አብራችሁ ያዙ። የፈላታዎቹን፣ የመሳሊቶቹን፣ የራሳችሁንም እናቶች እንዲሁ አድርጉ። ይህን ለማድረግ የመንግሥት ማኅደር እስኪጠገን መጠበቅ አያስፈልግም፤ የሚያውቁት ሴቶች ደግሞ አርጅተዋል።